ስህተቱን ከኪሱ የከፈለው ሊቅ

እኛ የሕግ ሰዎች በአደባባይ የማንናገረው አንድ ድክመት አለብን። ቁጥር እንፈራለን። ብዙዎቻችን ሕግ ትምህርት ቤት የገባነው ከሒሳብ ሸሽተን ነው ብል ከባልደረቦቼ የሚቆጣኝ አይኖርም።

በወጣትነቴ በአንድ የገንዘብ ክርክር ላይ ቆሜ ሳለ ለሌላው ወገን የቀረበ ባለሙያ አንድ ገጽ የሞላ ስሌት ለችሎቱ አቀረበ። ዳኛው ወረቀቱን አገላብጠው ካዩ በኋላ መስቀለኛ ጥያቄ እንዳለኝ ጠየቁኝ። የለኝም አልኩ። እንዲህ ያልኩት ስሌቱን መርምሬ ትክክል ሆኖ ስላገኘሁት አልነበረም። ስላልገባኝ ነበር። ደንበኛዬ ተረታ። ከዓመታት በኋላ ያንን ወረቀት ከመዝገቤ አውጥቼ ሳነበው አንድ ወለድ ሁለት ጊዜ ተደምሮ አገኘሁ። ማንም ተንኮል አልሠራም። የባለሙያው ስህተትና የእኔ ፍርሃት ተገናኝተው የሰው ንብረት በሉ እንጂ። ለደንበኛዬ ነገርኩት ወይ? ወደዚህ ጥያቄ በመጨረሻ እመለስበታለሁ።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና ይህን ያስታወሰኝ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው የፈረንሳዩ የሒሳብ ሊቅ አንሪ ፖዋንካሬ ነው። ፖዋንካሬ ዛሬ አልጀብራዊ ቶፖሎጂ የሚባለውን የሒሳብ ዘርፍ የመሠረተ ሰው ነው። ነጥቦችን በመስመር ከማያያዝ የሚገኘውን መረብ፣ በሒሳብ ቋንቋ ግራፍ የሚባለውን፣ ውስጣዊ አወቃቀሩን በስሌት ለመመርመር የሚያስችለው መሣሪያ ከእሱ እጅ ወጥቷል። ለእኔ ለሕግ ሰው ግን ይበልጥ የሚደንቀኝ ይህንን መሣሪያ ያገኘበት መንገድ ነው። መንገዱ የራሱን ስህተት በአደባባይ ማረም ነበር። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፖዋንካሬ በኤፕሪል 29 ቀን 1854 በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ በምትገኘው የናንሲ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪምና የሕክምና መምህር ነበር። ቤተሰቡ በትምህርትም በሹመትም የታወቀ ነው። የአጎቱ ልጅ ሬይሞን ፖዋንካሬ ሕግ አጥንቶ ጠበቃ ከሆነ በኋላ ወደ ፖለቲካ ገብቶ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ከ1913 እስከ 1920 ደግሞ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሆኗል።

ትንሹ አንሪ በልጅነቱ ዲፍቴሪያ በተባለው የጉሮሮ በሽታ ተይዞ ለወራት እግሩም አንደበቱም ተሳስሮ ነበር። ሲድን ከእኩዮቹ ጋር ሮጦ ከመጫወት ይልቅ መጽሐፍ የሚወድ ልጅ ሆነ። ዓይኑ ደካማ ስለነበረ ሰሌዳ ላይ የሚጻፈውን አጥርቶ አያይም። መምህሩ የሚለውን በጆሮው ሰምቶ በአእምሮው መያዝን ተለማመደ። በ1870 ፈረንሳይና ፕሩሲያ ሲዋጉ የ16 ዓመት ልጅ ነበር። ከአባቱ ጋር ሆኖ ቁስለኞችን ረዳ። ከተማይቱ በጀርመኖች ስትያዝ ደግሞ ወሬ ለማግኘት ሲል የጀርመን ጋዜጣ እያነበበ ቋንቋውን ተማረ።

አንድ ነገር ግን አልሆነለትም። ሥዕል መሣል አይችልም። የሣለው መስመር ቀጥ ብሎ አይወጣም፣ ክቡም ክብ አይመስልም። ይህ የጂኦሜትሪ ተማሪን የሚያሳፍር ድክመት ነው። ቢሆንም በ1873 የታወቀውን የፓሪስ ኤኮል ፖሊቴክኒክ የመግቢያ ፈተና አንደኛ ሆኖ አለፈ። በኋላ ያቋቋመው የሒሳብ ዘርፍ፣ ሥዕሉ ቢጣመምም እውነቱ የማይጣመምበት ዘርፍ መሆኑ የሚያስገርም ግጥምጥም ነው።

ከፖሊቴክኒክ ቀጥሎ የማዕድን ምህንድስና ተማረ። በ1879 የዶክትሬት ዲግሪውን ባገኘበት ዓመት በምሥራቅ ፈረንሳይ በቬዙል የማዕድን ተቆጣጣሪ ሆኖ ይሠራ ነበር። በዚያው ዓመት ኦገስት አልቆ ሴፕቴምበር በገባበት ሌሊት ማኚ በተባለው የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ጋዝ ፈንድቶ 16 ሠራተኞች ሞቱ። የ25 ዓመቱ ተቆጣጣሪ ሌላ ፍንዳታ ሊከተል ይችል በነበረበት ሰዓት ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ምርመራውን ያዘ። ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ ይባላል። እዚያ ግን የነበሩት አልቀው ስለነበር የሚናገሩት ዕቃዎች ብቻ ነበሩ። ፖዋንካሬ መብራቶቹን አንድ በአንድ ሲመረምር በአንደኛው ላይ በዶማ ጫፍ የተበሳ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አገኘ። መብራቱ በስህተት ተወግቶ እሳቱ ከጋዙ ጋር እንደተገናኘ ደመደመ። ሪፖርቱ ማንንም ለመወንጀል አልቸኮለም። ያየውን ካላየው፣ የሚያውቀውን ከሚገምተው ለይቶ አስቀመጠ። ይህን ልማድ ልብ በሉልኝ፤ ከ20 ዓመት በኋላ በአንድ ታላቅ ችሎት ፊት እናገኘዋለን።

ከዚያ በኋላ ሕይወቱ ማስተማርና መመራመር ሆነ። በካን ዩኒቨርሲቲ ጀመረ፤ በ1881 ትዳር መሥርቶ ወደ ፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። አራት ልጆች ወለደ። በ1887 ገና በ32 ዓመቱ የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ አባል ሆኖ ተመረጠ። የሚሠራው በቀን አራት ሰዓት ያህል ነበር፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ከዚያም ከቀኑ አሥራ አንድ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት። የጻፈውን ተመልሶ መከለስ ግን አይወድም። ሐሳቡ ከብዕሩ ይቀድማል። በዚህ ጠባዩ ምክንያት ሥራዎቹ ውስጥ ክፍተት አይጠፋም ነበር። የመጀመሪያው ትልቅ ፈተናም የመጣው ከዚሁ ነው።

የስዊድንና የኖርዌይ ንጉሥ ዳግማዊ ኦስካር 60ኛ የልደት በዓላቸውን ምክንያት በማድረግ የሒሳብ ውድድር አስነግረው ነበር። ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ ፀሐይና ፕላኔቶች በስበት ሲሳሳቡ እንቅስቃሴያቸው ወደፊት ምን እንደሚሆን የሚመለከት ነው። ፖዋንካሬ ይህንን መረጠ። በጃንዋሪ 1889 አሸናፊነቱ ታወጀ፤ የወርቅ ሜዳይና 2,500 የስዊድን ክሮና ተሸለመ። ጽሑፉ ‹‹አክታ ማቴማቲካ›› በተባለው መጽሔት ሊወጣ ታተመ። በዚህ መሀል ፍራግሜን የተባለ ወጣት የመጽሔቱ አራሚ እዚህ ቦታ ላይ ነገሩ አልገባኝም እያለ ጥያቄ ያቀርብለት ጀመር። ፖዋንካሬ ለጥያቄዎቹ መልስ ሲያዘጋጅ ከተጠየቀው ሁሉ የሚብስ ስህተት ራሱ አገኘ። የሥራው ምሰሶ የሆነ አንድ ድምዳሜ ሐሰት ነበር።

እስቲ አንባቢ ራሱን በቦታው ያስቀምጥ። ሽልማቱ ተወስዷል። ዳኞቹ በአውሮፓ የተከበሩ ሊቃውንት ናቸው። ጉድለቱን ገና ማንም አላየውም። ፖዋንካሬ ግን ለአዘጋጁ ለሚታግ ሌፍለር ጽፎ ነገሩን ገለጠ። አዘጋጁ ለጥቂት ሰዎች የተሰራጩትን ቅጂዎች ሰበሰበ። የድጋሚ ኅትመቱን ወጪ ፖዋንካሬ ከኪሱ ከፈለ፤ ከ3,500 ክሮና በላይ ነበር። ከሽልማቱ በላይ አንድ ሺህ ክሮና ጨመረበት ማለት ነው። በ1890 የወጣው የታረመ ሥራ ግን ከተሳሳተው እጅግ የበለጠ ሆነ። ስህተቱን ተከትሎ ሲሄድ የሦስት አካላት እንቅስቃሴ ምን ያህል ውስብስብ ሊሆን እንደሚችል አየ። ዛሬ ኬኦስ ተብሎ ለሚጠራው የሳይንስ ዘርፍ መነሻ ከሆኑት ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ መረቦቹ እንምጣ። ነገሩን ለመረዳት ከፖዋንካሬ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በፕሩሲያ በነበረችው፣ ዛሬ የሩሲያ ካሊኒንግራድ በሆነችው በከኒግስበርግ ከተማ ወንዝ የከፈላቸውን አራት የመሬት ክፍሎች የሚያገናኙ ሰባት ድልድዮች ነበሩ። እያንዳንዱን ድልድይ አንድ ጊዜ ብቻ ረግጦ ሁሉንም ማዳረስ ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄ ነበር። ስዊዘርላንዳዊው ኦይለር በ1735 ለሴንት ፒተርስበርግ አካዳሚ ባቀረበው ጽሑፍ አይቻልም አለ። አንድ መሬት ላይ በገቡ ቁጥር መውጣት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከመነሻና ከመድረሻ በቀር በእያንዳንዱ መሬት ላይ ያሉት ድልድዮች ሙሉ ቁጥር መሆን አለባቸው፤ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት እንደማለት። በከኒግስበርግ ግን በአንዱ መሬት አምስት፣ በሦስቱ ደግሞ ሦስት ሦስት ነበሩ። የድልድዩ ርዝመትና የመንገዱ ጥምዝ ምንም ለውጥ አያመጣም። ቁም ነገሩ ምን ከምን ጋር ተያይዟል የሚለው ብቻ ነው። የግራፍ ጥናት የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

በዚያችው ከተማ የተወለደው የፊዚክስ ሊቅ ኪርቾፍ ደግሞ በ1847 ጥያቄውን ወደ ኤሌክትሪክ ወሰደው። ሽቦዎች በብዙ ቦታ ሲገናኙ በእያንዳንዱ የሚያልፈውን ኃይል ለማስላት ስንት የተለያዩ ቀለበቶች መቆጠር አለባቸው? መልሱ አጭር ነው። ከመስመሮቹ ብዛት የነጥቦቹን ብዛት ቀንሶ አንድ መጨመር ነው፤ መረቡ አንድ ወጥ እስከሆነ ድረስ። የከኒግስበርግን ካርታ ብንወስድ ሰባት ሲቀነስ አራት ሲደመር አንድ፣ አራት ይሆናል። ማለት በዚያ መረብ ውስጥ አንዱ ከሌላው ሊገኝ የማይችል አራት ዙር አለ። አሥር ነጥብ በዘጠኝ መስመር የተያያዘ ከሆነ ግን ውጤቱ ዜሮ ነው። እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተዘርግቷል እንጂ የትም ቦታ አይዞርም። እንዲህ ባለው መረብ ውስጥ አንድ መስመር ከተቆረጠ መረቡ ለሁለት ይከፈላል። ስለ መብራት፣ ስለ ስልክና ስለ መንገድ መረብ የሚያስብ ባለሙያ ለምን ቀለበት እንደሚፈልግ ከዚህ ይገባዋል።

ፖዋንካሬ ያደረገው ይህንን አስተሳሰብ ከመስመር አውጥቶ ለማንኛውም ቅርጽ እንዲሆን ማስፋት ነው። ቶፖሎጂ ርዝመትንና ማዕዘንን ትቶ፣ ቅርጽ ሲለጠጥና ሲጣመም የማይለወጠውን ነገር ያጠናል። በዚህ ዓይን ሲታይ እጀታ የሌለው የእኛ ሲኒ ከሰሃን አይለይም፤ እጀታ ያለው የሻይ ኩባያ ግን ከጣት ቀለበት ጋር ይመደባል፤ አንድ ቀዳዳ አለውና። የጣሊያኑ ቤቲና ሌሎችም ቀዳዳ ለመቁጠር ሞክረው ነበር። ፖዋንካሬ በ1895 ‹‹አናሊሲስ ሲቱስ›› በተባለ ረጅም ጽሑፍ ጉዳዩን ራሱን የቻለ የሒሳብ ዘርፍ አደረገው።

ከዚያም ሌላ ሰው መጣ። ፖል ሄጎር የተባለ ዴንማርካዊ ወጣት በ1898 በኮፐንሃገን ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ፣ በታላቁ ሊቅ ሥራ ውስጥ ያለ አንድ ዋና ድምዳሜ እንደተጻፈው ከሆነ እንደማይቆም የሚያሳይ ምሳሌ አመጣ። ፖዋንካሬ በዚያን ጊዜ ስሙ የገነነ ሰው ነበር፤ የአንድን ጀማሪ ትችት እንዳልሰማ ሆኖ ሊያልፈው ይችል ነበር። አላለፈውም። ጉዳዩን መረመረ፤ አንዱ ክፍተት ከትርጉም አለመለየት የመጣ እንደሆነ፣ ማስረጃው ግን በእርግጥም እንዳልበቃ አመነ። በ1899 ማሟያ ብሎ አዲስ ጽሑፍ አወጣ። የሚደንቀው፣ ዛሬ ተማሪዎች የሚማሩት መሣሪያ በመጀመሪያው ጽሑፍ ውስጥ ሳይሆን በዚህ የእርማት ጽሑፍ ውስጥ መወለዱ ነው።

መሣሪያው ሲታይ ቀላል ነው። ቅርጹን እንደ ሦስት ማዕዘን ወዳሉ ቁርጥራጮች ይከፋፍሉታል። ከዚያ የትኛው ቁራጭ የትኛውን እንደሚያዋስን በሠንጠረዥ ይመዘግባሉ። በግራፍ ላይ ሲሆን ነገሩ ከሒሳብ መዝገብ አይለይም። እያንዳንዱ መስመር ከተነሳበት ነጥብ ላይ አንድ ይቀነሳል፣ በደረሰበት ነጥብ ላይ አንድ ይደመራል፣ በሌሎቹ ላይ ዜሮ ይጻፋል። አንድ ሰው ዞሮ ዞሮ ከተነሳበት ቦታ ቢመለስ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የወጣውና የገባው እኩል ይሆንና ሚዛኑ ዜሮ ይመጣል። ስለዚህ ቀለበት ፍለጋ በዓይን ሥዕል ማየት መሆኑ ቀርቶ ሚዛኑ ዜሮ የሚሆንባቸውን ድምሮች መፈለግ ይሆናል። ይህ ተራ አልጀብራ ነው። ሥዕል የማይችል ሰው ይሠራዋል። በኋላ ዘመን ደግሞ ኮምፒዩተር ሠራው። በግራፍ ላይ ኪርቾፍ ያገኘው ቁጥር ራሱ ይወጣል፤ ነገር ግን ይኸው ሠንጠረዥ ለገጽም፣ ለጠጣር አካልም፣ ዓይን ሊያያቸው ለማይችላቸው ቅርጾችም ያገለግላል።

አሁን 1899ን ያዙልኝ። ያንኑ ዓመት በሬን ከተማ የጦር ፍርድ ቤት ተሰይሞ የካፒቴን አልፍሬድ ድሬይፉስን ጉዳይ እንደገና ያይ ነበር። ድሬይፉስ ይሁዲ የጦር መኮንን ነው። በ1894 ለጀርመን ምስጢር ሸጠሃል ተብሎ ተፈርዶበት የሰይጣን ደሴት በተባለ ቦታ ታስሮ ኖሯል። ዋናው ማስረጃ በጀርመን ኤምባሲ የተገኘ ፊርማ የሌለው ወረቀት ነበር። የፓሪስ ፖሊስ የማንነት መለያ አገልግሎት ኃላፊ የነበረው አልፎንስ ቤርቲዮን ጽሕፈቱ የድሬይፉስ ነው አለ። ወረቀቱ የድሬይፉስን እጅ የማይመስልበት ቦታ ካለም ሆን ብሎ የራሱን ጽሕፈት አስመስሎ ስለጻፈ ነው ሲል ተከራከረ። መምሰሉም ማስረጃ፣ አለመምሰሉም ማስረጃ ሆነ ማለት ነው። ይህን ሁሉ በሠንጠረዥና በስሌት አጅቦ ለመኮንኖቹ አቀረበ። የሕግ ሰዎች ቁጥር እንፈራለን ብዬ የለ? ወታደሮችም ይፈራሉ።

ፖዋንካሬ የአደባባይ ፖለቲካ ሰው አልነበረም። የድሬይፉስ ወገኖች ሲጠይቁት ግን ስሌቱን መረመረ። ቤርቲዮን በወረቀቱ ላይ ግጥምጥም ሊፈጠር የሚችልባቸው 26 ቦታዎች ቆጥሮ በ4ቱ ላይ አግኝቷል። የአንዱ ዕድል አንድ አምስተኛ ነው ብሎ ይህንን አራት ጊዜ አባዛና ከአሥር ሺህ 16 ብቻ የሚሆን ዕድል አመጣ። እንዲህ ያለ ነገር በአጋጣሚ አይሆንም አለ። ፖዋንካሬ ያሳየው ስህተት አንድ ተማሪ ሊረዳው የሚችል ነው። ያ ቁጥር የሚሠራው ከአራት ቦታ አራቱም ቢገጥሙ ነበር። ከ26 ቦታ አራት መግጠሙ ግን ሌላ ነገር ነው። የእያንዳንዱ ዕድል አንድ አምስተኛ ከሆነ አምስት ያህል መግጠሙ የሚጠበቅ ነውና አራት መገኘቱ የሚያስደንቅ ሳይሆን እንዲያውም ከሚጠበቀው ያነሰ ነው።

ደብዳቤው በሴፕቴምበር 4 ቀን 1899 በሒሳብ ሊቁ በፓንልቬ አማካይነት በችሎቱ ተነበበ። ደብዳቤው ድሬይፉስ ንጹሕ ነው ብሎ አልተከራከረም። ይህ የእሱ ሙያ አይደለምና። ተከሳሹ የሚፈረድበት ከሆነ በሌላ ማስረጃ መሆን እንዳለበት፣ ይህኛው ግን ሳይንስ የሚባል ነገር እንደሌለው ብቻ ገለጠ። በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የሚያውቀውን ከሚገምተው የለየው ወጣት እዚህም አለ። ችሎቱ ግን በአምስት ድምፅ ለሁለት ድሬይፉስን ጥፋተኛ ብሎ አሥር ዓመት ፈረደበት። ከቀናት በኋላ በይቅርታ ተፈታ። ይቅርታ ግን ለጥፋተኛ የሚሰጥ ነገር ነው፤ ስሙን አይመልስለትም።

በ1904 የፈረንሳይ ሰበር ሰሚ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ሲመረምር ፖዋንካሬን፣ ዳርቡንና አፔልን ባለሙያ አድርጎ ሾመ። ሦስቱ ሊቃውንት ወረቀቱን እንደገና ለክተው፣ ስሌቱንም መነሻ የሆኑትንም ሰነዶች መርምረው በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ሰፊ ሪፖርት አቀረቡ። ቤርቲዮን የተመሠረተበት ሰነድ ትክክል አልነበረም፣ ስሌቱም ዋጋ የለውም አሉ። በጁላይ 12 ቀን 1906 ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሙሉ በሙሉ ሰረዘው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው አባባል ለድሬይፉስ 12 ዓመት ያህል ወሰደበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። በ1900 ፖዋንካሬ በሌላ ማሟያ ጽሑፉ አንድ ነገር በእርግጠኝነት ተናግሮ ነበር። አንድ ቅርጽ በሠንጠረዡ ሲመረመር የሉልን ውጤት ከሰጠ ቅርጹ ሉል ነው የሚል ነው። በ1904፣ የባለሙያ ሪፖርቱን ባቀረበበት ዓመት፣ ይህ ሐሰት መሆኑን የሚያሳይ ምሳሌ ራሱ ሠርቶ አሳተመ። ሠንጠረዡ ሉል ነው የሚለው ነገር ግን ሉል ያልሆነ ቅርጽ ገነባ። ልዩነቱን ያወቀው በሌላ መሣሪያ ነው። ከአንድ ነጥብ ክር ይዘው ተነስተው፣ ቅርጹን ዞረው ወደዚያው ነጥብ ይመለሱ። ክሩን ሲስቡት ተሰብስቦ ይመጣል ወይስ የሆነ ነገር ላይ ይያዛል? ዛፍ በሚመስለው መረብ ላይ ምንጊዜም ይመጣል፤ ቀለበት ባለበት ግን ይያዛል። በአዲሱ ቅርጽ ላይ ክሩ ተያዘ። ታዲያ ክሩ የትም ካልተያዘ ቅርጹ የግድ ሉል ይሆናል ወይ? በዚህ ጊዜ ግን አዎን አላለም። ጥያቄ አድርጎ ተወው። ጥያቄው መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ሩሲያዊው ግሪጎሪ ፔሬልማን በ2002ና በ2003 ባወጣቸው ጽሑፎች ተፈታ። ፔሬልማን ለዚህ የተሰጠውን የአንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት በ2010 አልቀበልም ማለቱ ይታወሳል።

ልብ በሉ። በ1899 የራሱን ሥራ አርሞ የቤርቲዮንን ስህተት አሳየ። በ1904 የራሱን ቃል ሽሮ ለሰበር ችሎት መሰከረ። በወንድሙ ዓይን ያለውን ጉድፍ ከማውጣቱ በፊት ከራሱ ዓይን ያለውን ምሰሶ የሚያወጣ ሰው ምስክርነት ለምን ክብደት እንዳለው ለመረዳት ሕግ መማር አያስፈልግም። ቤርቲዮንን ከእሱ የሚለየው አለመሳሳቱ አይደለም፤ ሁለቱም ተሳስተዋል። ቤርቲዮን ግን ሐሳቡን የሚያፈርስ ነገር ሲመጣ ያንኑ ወደ ማስረጃነት ይለውጠው ነበር።

የተከለው ዛፍ ማፍራቱን አላቆመም። በ1955 ጀርመናዊው ክኔዘር ሲያዩት የልጅ ጨዋታ የሚመስል ጥያቄ አቀረበ። ከአምስት ሰዎች ሁለት ሁለት አባላት ያሏቸው ኮሚቴዎች ሁሉ ቢቋቋሙ አሥር ኮሚቴ ይሆናሉ። የጋራ አባል የሌላቸውን ኮሚቴዎች በመስመር እናገናኛቸውና በመስመር የተገናኙት አንድ ዓይነት ቀለም እንዳይኖራቸው እንቀባቸው። ቢያንስ ሦስት ቀለም ያስፈልጋል። የሰዎቹም የአባላቱም ብዛት ሲጨምር ስንት ቀለም ይበቃል? ክኔዘር መልሱን ገመተ፤ ማረጋገጥ ግን አልተቻለም። በ1978 ሃንጋሪያዊው ላስሎ ሎቫስ ግራፉን ወደ ባለ ብዙ አቅጣጫ ቅርጽ ለውጦ፣ ቀዳዳዎቹን በቶፖሎጂ መርምሮ ግምቱ ትክክል መሆኑን አረጋገጠ። የነጥብና የመስመር ጥያቄ በመስመር ላይ ብቻ ሊፈታ ያልቻለው ከፍ ብሎ ሲታይ ተፈታ። ሎቫስ በ2021 በሒሳብ ዓለም ታላቅ ከሚባሉት ሽልማቶች አንዱ የሆነውን የአቤል ሽልማት ከሌላ ሊቅ ጋር ተካፍሏል። ዛሬም የአንጎል ሴሎችን ትስስር የሚያጠኑ ተመራማሪዎች መረቡ ውስጥ ያሉትን ቀለበቶችና ቀዳዳዎች የሚቆጥሩት ከ1899ኙ ሠንጠረዥ በተወለደ ስሌት ነው።

የፖዋንካሬ የመጨረሻ ሥራም እንደ ሕይወቱ ነው። በ1912 ጤናው ታውኮ ነበር። አንድ የጂኦሜትሪ ድምዳሜ እውነት እንደሆነ በብዙ ምሳሌ አይቷል፤ ማስረጃውን ግን ሊያገኘው አልቻለም። እንዲህ ያለውን ያልተጠናቀቀ ሥራ ማሳተም ለትልቅ ስም አይመጥንም ተብሎ ይታሰብ ነበር። እሱ ግን ምናልባት ለመጨረስ ዕድሜ ላይኖረኝ ይችላል ብሎ፣ ያላወቀውን አላወቅኩም ብሎ ጽፎ አሳተመው። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። እያገገመ ሳለ በጁላይ 17 ቀን በ58 ዓመቱ በድንገት ሞተ። በፓሪስ በሞንፓርናስ መካነ መቃብር ተቀበረ። ብዙም ሳይቆይ ጆርጅ በርኮፍ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት የጎደለውን ማስረጃ አገኘና በ1913 ታተመ። ፖዋንካሬ ጉድለቱን ሸፍኖ ቢያልፈው ኖሮ በርኮፍ የሚሞላው ቦታ አይኖርም ነበር።

ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ። ለደንበኛዬ አልነገርኩትም። ወለዱ ሁለት ጊዜ መደመሩን ባየሁ ጊዜ የይግባኙ ጊዜ ካለፈ ቆይቶ ነበር፤ ምን ይጠቅመዋል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እውነተኛው ምክንያት ግን ማፈሬ ነበር። ሰውየው ዛሬ በሕይወት የለም። አሁን በባለሙያ ምስክር ፊት የሚቆሙ ወጣት ጠበቆች ሲያማክሩኝ አንድ ነገር ብቻ እነግራቸዋለሁ። ያልገባችሁን ቁጥር አልገባኝም በሉ፤ ባለሙያውም እያንዳንዱን መስመር ለችሎቱ እንዲያስረዳ ጠይቁ። ፍራግሜን የተባለው አራሚ ያደረገው ይህንኑ ነበር። አልገባኝም አለ፤ ከዚያ የተነሳ የዘመኑ ታላቅ ሊቅ ስህተቱን አገኘ።